ከጃል ኤል ዲብ በላይ የነበሩት ሽኮኮዎች

ዓረብ አገር፣ ጃል ኤል ዲብ በምትባል ከተማ፣ በቤት ሠራተኝነት የምሠራበት ሕንፃ ጀርባው ገደል ነበር። ልብስ የማሰጣው በዚያ በኩል ባለው በረንዳ ላይ ነው። አንድ ጠዋት አንሶላ ሳሰጣ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቅ ነገር አየሁና ሳላስበው "ሽኮኮ!" ብዬ ጮህኩ። ማዳሜ ደንግጣ ወጣች። ባሏ የሞተባት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች።

"እኛ በዓረብኛ ጠብሱን እንለዋለን" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ እየተኮሱ የጨረሷቸው መስሎኝ ነበር። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ አዳኝ ይሰማል።"

መናገሩን ግን ራሷ ተናገረችው። መጀመሪያ ምድር ቤት ዳቦ ለሚጋግሩት ሽማግሌ፣ ከዚያ ለጎረቤቶች። እሑድ እሑድ ጠመንጃ ይዘው የሚመጡትን ለመመለስ ወደ ገደሉ በሚያስወጣው መንገድ ላይ በተራ መቀመጥ ተጀመረ። የማዳሜ ተራ ሲደርስ ወንበሯን ተሸክሜ አብሬያት እቀመጣለሁ። አዳኞቹ እየተሳደቡም ቢሆን ይመለሱ ነበር።

ሙቀቱ ሲበርድ ዶዘር መጣ። መሬቱ ተሽጧል፤ ገደሉን ቆርጠው ሕንፃ ሊሠሩ ነው። ማዳሜ ድሮ ያስተማረቻት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ እንስሳት የምታጠና ሴት ጋ ደወለች። ሴትየዋም ቅዳሜ መጥታ ፎቶ እንደምታነሣ፣ እንስሶቹ መኖራቸው ከታየም ሥራውን ማስቆም እንደሚቻል ነገረቻት። ወሬው ወዲያው ሕንፃውን አዳረሰ። ከሕንፃውም ወጣ።

በማግስቱ ዳቦ ይዤ ስመለስ መስተዋቱ የጠቆረ መኪና አጠገቤ ቆመ። ውስጡ ያለው ሰውዬ ፈገግ አለ።

"ቦንጁር። የአስተማሪዋ ሠራተኛ አይደለሽም? ከእናንተ በረንዳ ገደሉ ጥሩ ይታያል አሉ።"

ዳቦውን አቅፌ መንገዴን ቀጠልኩ፤ መኪናው በጎኔ ተከተለኝ።

"ኢቃማሽስ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽ፣ እሷ ጋ ነው? ንገሪያት፤ በረንዳው ላይ ብዙ አትቁሙ። ነፋስ አለው።"

መኪናው ሄደ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ለማዳሜ ስነግራት የበረንዳውን መዝጊያ ሳበችና "ኸላስ፣ በቃ፣ ልብሱን ውስጥ አስጪው" አለች። ቅዳሜን ግን አልሰረዘችም።

ዓርብ ከሰዓት ከገደሉ በኩል የሲሚንቶ ማቡኪያ ድምፅ ይሰማ ነበር። አጥር የሚሠሩ መሰለን። ሽኮኮዎች አደጋ ሲያዩ አንዱ ይጮኻል፤ ያን ቀን ሳያቋርጥ ጮኸ። ካውያዬን ይዤ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ዝም አለ። ማዳሜ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሴትየዋ ካሜራዋን ይዛ መጣች፤ አብረናት ወጣን። የድንጋዩ ስንጥቆች ሁሉ በሲሚንቶ ተደፍነዋል። ገና በደንብ አልደረቀም ነበር፤ የሰው ጣት ታትሞበታል። ዳቦ ጋጋሪው ተንበርክከው ጆሯቸውን አለቱ ላይ አደረጉና "ይቧጥጣል! መሮ አምጡ!" አሉ።

ወንዶቹ በመዶሻ ሲመቱ እኔና ማዳሜ ፍርስራሹን በእጃችን ዛቅን። አንዱ ቀዳዳ ተከፈተ። አፍንጫው በሲሚንቶ የነጣ ሽኮኮ ወጣ፤ ኋላው አንድ ትንሽ ግልገል። በእግራችን መሃል አልፈው ወደ ላይ ወጡ። ሌሎቹንም ስንጥቆች ከፈትናቸው፤ ከእነሱ ግን ምንም አልወጣም። ማዳሜ በአንዱ ስንጥቅ አፍ እጇን አስገብታ ብዙ ቆየች።

ሴትየዋ ሽኮኮዎቹንም ስንጥቆቹንም ፎቶ አነሣች። ያ የመኪናው ሰውዬ ከታች ዶዘሩን ተደግፎ ያየን ነበር። ተዉ አላለንም፣ አልተቆጣም። ከሁሉም ያስፈራኝ ይኸው ነው።

በፎቶዎቹ ምክንያት ሥራው ታገደ። ጎረቤቶቹ ተቃቀፉ፤ ዳቦ ጋጋሪው ለሁሉም በነፃ ጋገሩ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የቤታችን ስልክ ይጮኽ ጀመር። ሳነሣው የሚናገር የለም፤ ሰው ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል።

"ማነው?" ትለኛለች ማዳሜ።

"ተሳስተው ነው" እላታለሁ።

እሷም ደግማ አትጠይቀኝም። ሄዳ በሩ መቆለፉን ታያለች።