ቀኝ እጅ፣ ግራ ጆሮ

እህቴን ከማንጎ ዛፍ ላይ የጣልኳት እኔ ነኝ። ይኼን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። እሷ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጥታ የበሰለውን ለራሷ እየመጠጠች ጥሬ ጥሬውን ወደኔ ስትወረውር ንድድ አለኝ፤ ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ሆኜ እግሯን ይዤ ጎተትኩ። ጋምቤላ ባሮ ዳር ያሉት ማንጎዎች ከቤት ይረዝማሉ። ቀኝ ክንዷን ተንተርሳ ነው የወደቀችው። ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። እናታችን እየጮኸች ስትደርስ እህቴ አንዴ ወደኔ አየችና "አዳለጠኝ" አለች። እኔ ስድስት፣ እሷ ስምንት ዓመቷ ነበር።

አባታችን ድሬሰር ነበር፤ ቁስል አሳሪ፣ መርፌ ወጊ። ከጎሬ ተመድቦ የመጣ፣ ጋዋኑ ካልተተኮሰ ከቤት የማይወጣ ሰው። ክሊኒኩን ብቻውን ስለሚመራ ከተማው "ዶክተር" ይለዋል፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ "ኧረ ድሬሰር ነኝ" ብሎ ሰው አርሞ አያውቅም። እናቴ "ወደ መቱ ሆስፒታል ትላክ" ስትለው "እኔ እያለሁ?" ብሎ ተቆጣ። በካርቶንና በፋሻ ራሱ አሰረው። ፋሻው ሲፈታ ክንዷ ክርኑ ላይ ታጥፎ ቀረ፤ ከትከሻዋ በላይ አልነሳ አለ። "ጊዜ ነው የሚፈልገው፣ ይለቃል" አለ አባቴ። አልለቀቀም።

እናታችን የአኙዋ ልጅ ናት፣ ከአቦቦ በኩል። እህቴ እሷን ቁርጥ ናት፤ ቁመቷም፣ መልኳም፣ ሲስቁ ጉንጫቸው ላይ የሚወጣው ስርጉድም ሳይቀር። ትንሿ እኔ ወደ አባቴ አደላሁ። ይኼን ያዙልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል።

ትምህርት ቤት አብረን ገባን። እህቴ እኔን ይዛ እንድትሄድ ተብሎ ነው ሳትገባ የቆየችው። ያኔ ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። አንደኛ ክፍል ውስጥ ከመቶ በላይ ነበርን። አግዳሚ ወንበር የደረሰው አምስት አምስት ሆኖ ይጣበቃል፣ ያልደረሰው ከቤቱ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ የቀረው መስኮት ላይ ይንጠለጠላል። ሙቀቱንና ሽታውን አትጠይቁኝ። አስተማሪው ከኋላ የተቀመጡትን በመልክ አያውቃቸውም። አንድ ልጅ በወባ ሞቶ፣ ስሙ ሲጠራ ጓደኞቹ "አቤት" እያሉለት ሳምንት ሙሉ ተምሯል። እንስቅ ነበር። እንዲህ ያለን ልጆች ነበርን፣ ምን ታረጉ።

ዓመቱ ሲጋመስ ከመቱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ አነበበልን፦ አብዮታዊው መንግሥት በጀት መድቧል፣ ሁለት አዲስ ክፍሎች ይሠራሉ፣ አስተማሪ ይጨመራል፣ ከእንግዲህ በአንድ ክፍል ከሃምሳ ተማሪ በላይ አይቀመጥም። አጨበጨብን። እህቴም በግራ እጇ ጭኗን እየመታች አጨበጨበች።

ክፍሎቹ መሠረታቸው እንኳ አልተቆፈረም። ሃምሳው ግን አሁኑኑ ተፈለገ፤ ለካ በጀቱ የሚለቀቀው "ክፍሎቻችን ሃምሳ ሃምሳ ሆነዋል" ተብሎ ሪፖርት ሲደረግ ነው። ዳይሬክተሩ ዘዴ መች ያጣል! ያኔ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ የለም፤ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሻግረህ ግራ ጆሮህን ከነካህ ደርሰሃል፣ ካልነካህ ሂድና እናትህ ጋ እደግ። መስከረም ላይ ለይስሙላ አድርገነዋል። አሁን ግን ዳይሬክተሩ ወንበሩን ጥላ ሥር አስወጥቶ ተቀመጠና "የቆላ ልጅ እጁ ረጅም ነው፤ በጣት ጫፍ ካልን ሁሉም ያልፋል። ጆሮውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን" አለ።

እኔ አንገቴን ሰበር አድርጌ ሸፈንኩ። አለፍኩ። የእህቴ ተራ ደረሰ። ቀኝ እጇን አነሳች፣ አገጯ ጋ ደረሰና ቆመ። ጥርሷን ነክሳ ገፋችው፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ክንዷ ወይ ፍንክች። ከዚያ ቶሎ ብላ በግራ እጇ ቀኝ ጆሮዋን ሸፈነች፤ ሸፍናም ተርፏት ጣቷ ጉንጯ ላይ አረፈ። ልጆቹ አውካኩ። እኔም ስቄያለሁ።

"በቀኝ ነው" አለ ዳይሬክተሩ።

"ጋሼ፣ ቀኜ አይሄድም።"

ክፉ ሰው አልነበረም፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ጠማማውን ክንድ አየት አደረገና "እጇ እንደማይሠራ ከክሊኒክ ማስረጃ ይምጣላት፣ እናሳልፋታለን" አለ። አንዲት ወረቀት ናት እንግዲህ። የክሊኒኩ ማኅተም ደግሞ የት ነው ያለው? እኛው ቤት፣ አባቴ ኪስ ውስጥ።

ምሳ ላይ እናቴ ነገረችው። አባቴ እጁን ታጥቦ ቁጭ ብሏል።

"ምን ብዬ ልጻፍ?" አላት።

"ተሰብሮ ጠማማ ቀረ በል።"

"ማን አሰረው ሲሉኝስ?"

እናቴ ወጡን ጨለፈችለት። እሱ ግን አላቆመም። "ባለፈው ሳምንት የአውራጃው ሹም ልጁን ለኔ ነው ያመጣው። በእጄ ፈርሜ የገዛ ልጄን አጣመምኳት ልበል? ነገ ማን ሰውነቱን ያስነካኛል?"

"የሚማረው ክንድ ነው እንዴ?" አለች እናቴ። አማርኛዋ ስትናደድ ይሰባበራል፣ ያን ቀን ግን ጥርት ብሎ ወጣላት።

"ለዓመቱ ትደርሳለች። ዝም አይነቅዝም" አለና ጋዋኑን ደርቦ ወጣ።

ለዓመቱ ትደርሳለች! ከሱ ትከሻ ጋ የደረሰችን ልጅ! እኔም ስለ ማንጎው አልተነፈስኩም። የአባቴ ልጅ አይደለሁ?

የተባረሩት ልጆች እንዳያለቅሱ ደግሞ ሌላ ተስፋ ተሰጣቸው፤ ለአዲሶቹ ክፍሎች አሸዋ ያመላለሰ ቅድሚያ ያገኛል ተባለ። እህቴ ክረምት እስኪገባ ድረስ ከባሮ አሸዋ ተሸከመች። ጣሳውን አናቷ ላይ በግራ እጇ ደግፋ፣ ሽቅብ ትመጣለች፣ ደፍታ ትመለሳለች። እኔ በመስኮት አያት ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አጠገቧ ሄጄ "የኔን ክፍል ነው የምትሠሪው፣ አሳምሪው" አልኳት። ጣሳዋን ደፍታ ሄደች።

ክፍሎቹ አለቁ። አንደኛው የካድሬዎች የውይይት ክበብ ሆነ፣ በሁለተኛው ግን እውነትም ሃምሳ ልጅ ገባበት። አዲስ ምዝገባ ተባለ፣ እንደገና ጆሮ ተባለ፣ እህቴ እንደገና ተሰለፈች፣ ክንዷ እንደገና አገጯ ጋ ቆመ። አንድ ጣሳ አሸዋ ያልነኩ ልጆች ጆሯቸውን እየሸፈኑ ገቡ። "ማስረጃሽስ?" አላት ዳይሬክተሩ። አባቴ አሁንም አልጻፈላትም።

ትምህርቱን ግን ከተባረረችበት ቀን ጀምሮ ከኔ ደብተር ስትወስደው ነበር። በነፃ እንዳይመስላችሁ፤ ዩኒፎርሜን ታጥብልኛለች፣ ውኃ በኔ ተራ ትቀዳለች፣ ያኔ ደብተሬን አሳያታለሁ። ቆይቼ ደግሞ የቤት ሥራዬንም እሷው ላይ ጣልኩት። በግራ እጇ ትሠራልኛለች፣ እኔ ገልብጬ አስረክባለሁ። አንደኛ ክፍልን በሷ ጭንቅላት ሁለተኛ ወጣሁ፤ ሁለተኛ ክፍል ስገባ አለቃ አደረጉኝ። የክፍል አለቃ፣ ባለ አርጩሜ።

ኅዳር ውስጥ ከመቱ ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው ተባለ፤ በጀቱ ሥራ ላይ መዋሉን በዓይኑ ሊያይ። በዚያው ሳምንት ከክፍላችን የአንድ ነጋዴ ልጅ በወባ ወደቀች። ዳይሬክተሩ በጠዋት እኛ ቤት መጣ። አባቴ አጥር ጋ አገኘው፣ እኔም እዚያው ነበርኩ።

"ሃምሳ ብዬ ሪፖርት አድርጌአለሁ" አለው። "አርባ ዘጠኝ ካየ የተረፈ ወንበር አላችሁ ብሎ ይዘግብብኛል። ትልቋን ልጅ አንድ ቀን ብቻ አውሱን።"

አውሱን አለ፣ እንደ ድስት!

አባቴ እሺ አለ። እህቴ "አንድ ቀን" የሚለውን አልሰማችም። እናቴም አልሰማችም፤ እልል ብላ ልጇን እግሯን አጠበቻት፣ ቅባት ቀባቻት። እኔ ሰምቻለሁ። መንገድ ላይ እህቴ ከኔ ቀድማ እየሮጠች "አንቺ፣ ቶሎ ነይ እንጂ!" ስትለኝ እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ኢንስፔክተሩ ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ፣ ሳቂታ ሰውዬ ነበር። አባቴ የወላጅ ኮሚቴ ስለሆነ ከዳይሬክተሩ ጎን ቆሟል። ስም ተጠራ። የታመመችው ልጅ ስም ሲደርስ እህቴ እንደታዘዘችው "አቤት" አለች። ሃምሳ። ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ አለው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ጻፈና "አለቃዋ ታንብብ" አለ።

ተነሳሁ። ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ። የመጀመሪያውን ቃል ይዤ ተንተባተብኩ፣ ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ እህቴ ግራ እጇን አወጣች።

"በቀኝሽ" አለ ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ።

"ግድ የለም፣ ታንብብ" አለ ኢንስፔክተሩ።

አነበበችው። አንዴም ሳትደነቃቀፍ፣ እንደ ሬዲዮ። ሰውዬው "ጎሽ!" ብሎ አጨበጨበ፣ ክፍሉም አጨበጨበ፣ የእህቴ ስርጉድ ወጣ። ቀናሁ። ያነበበችው ከኔ ደብተር የተማረችውን መሆኑ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ኢንስፔክተሩ ጠጋ ብሎ ክንዷን አየ። "ምን ሆነሽ ነው?"

"ከማንጎ ላይ ወድቄ ነው። አዳልጦኝ።"

"ማን አሰረልሽ?"

አባቴ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። እህቴ አላየችውም። "ማንም" አለች። "ዝም ብሎ ነው የዳነው።"

ሰውዬው አዘነ፣ ወደ አባቴ ዞረ። "ጓድ ዶክተር፣ ክሊኒክ አጠገባቸው እያለ እንዴት እንዲህ ይሆናል?" ልጁ መሆኗን በምን ይወቅ? በሰው ስም ተቀምጣለች፣ መልኳ የእናቷ ነው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "የአገሬው ሰው ነው ጓድ፣ ልጁን ወደ ክሊኒክ አያመጣም። ስንት ጊዜ አስተማርን፣ መች ይሰማሉ!"

ሃምሳ ልጅ ነበርን። ግማሻችን የማን ልጅ መሆኗን እናውቃለን። ትንፍሽ ያለ የለም። የእህቴ ስርጉድ ጠፋ፤ እጆቿን ከአግዳሚው ሥር ከተተቻቸው። ኢንስፔክተሩ አናቷን ዳበስ አድርጎ "ይቺን ልጅ አደራ፣ ትልቅ ቦታ ትደርሳለች" አለና ደብተሩ ላይ ስሟን ጻፈ። የታመመችውን ልጅ ስም ማለቴ ነው።

በማግስቱ እህቴ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነስታ፣ እግሯን ታጥባ፣ ጥላኝ ሄደች። ስደርስ በዚያው ቦታ ቁጭ ብላለች። ትንሽ ቆይቶ የነጋዴው ልጅ ገርጥታ፣ ነጠላ ተከናንባ በር ላይ ቆመች። ዳይሬክተሩ ገባ፣ ቆጠረ።

"ሃምሳ አንድ። አንቺ፣ ውጪ።"

"ጋሼ፣ ኢንስፔክተሩ አደራ ብለዋል እኮ" አለች እህቴ።

"አደራ የተባለችው እሷ ናት" ብሎ በር ላይ የቆመችውን አሳያት። እውነቱን ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለችው እሷ ናት። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "አለቃ! አውጪያት።"

አጠገቧ ሄድኩ። "ተነሽ" አልኳት። እትዬ ነበር የምላት፣ ያን ቀን አላልኩም። አልተነሳችም። አግዳሚውን በግራ እጇ ጨመቀችው። ዳይሬክተሩ "አንቺም አብረሽ እንዳትወጪ!" ሲለኝ እልሁም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ትናንት የተጨበጨበላት ጭብጨባ ገና ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጎንበስ ብዬ ጣቶቿን ማላቀቅ ጀመርኩ። አውራ ጣቷ። ሌባ ጣቷ። የአሸዋ ጣሳው ያወጣባት ጠባሳ መዳፏ ላይ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም፣ ሰው እንዲሰማም አልፈለገች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና ቀስ ብላ፦

"ቀስ በይ፤ ይቺኛዋንም እንዳትሰብሪያት" አለችኝ።

ትንሿ ጣቷ ብቻ ቀርታ ነበር። እሷንም አላቀቅኳት።