ቀድሜ የደረስኩበት መንደር

ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ዳገት ላይ አንድ ወጣት ሳይክለኛ ደረሰብኝ። ጥቂት ከጎኔ ሄደና፣ «አባባ፣ መቀመጫዎ ዝቅ ብሏል፤ ጉልበትዎን ይጎዳዎታል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ወርጄ ከፍ አደረግኩት። ቀና ስል ልጁ በባሕር ዛፎቹ መካከል ተሰውሯል።

ሳይክል የሚነዳ ሰው ምክር መስጠት አይችልበትም አይባልም። የማያውቀውን መንገደኛ እንኳ ሳይመክር አያልፍም። እኔም ራሴ እንዲህ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ይመሰክራሉ። ይህን አመል የወሰድኩት ከአንድ ሰው ነው። መቀመጫውን እያጠበቅኩ ሳለ ድምፁ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ ከድምፁ ጋር ደግሞ የመንዝ ውርጭ፣ የገብስ ክምር፣ ከሞላሌ ወደ ዘመሮ በኩል የሚወስደው ያ ድንጋያማ መንገድ። ናፍቆት እንዲህ በድንገት ሲመጣ ሰው ቁጭ ማለት አለበት። ቁጭ አልኩ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ልጅ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ወላጆቼ ቤት ተቀምጬ የሰው ዓይን ሲከብደኝ፣ መንዝ ውስጥ ለበግ ክትባት መዝጋቢ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ጊዜው የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። በየመንደሩ ልጁን የላከ ቤት ነበር፤ ራዲዮ ያለው ሰው ደጅ ላይ ማታ ማታ ሰው ይሰበሰባል።

የክትባቱ ባለሙያ ጋሽ ወርቅነህ ይባላል። አርባ ዓመት ገደማ፣ ቀጭን፣ ባቱ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ። አንድ የውጭ ፕሮጀክት ሲዘጋ ትቷቸው የሄደ ሁለት ባለ ማርሽ የተራራ ሳይክሎች ነበሩ፤ አንዱ የእሱ፣ ሌላው የእኔ ሆነ። የክትባቱን ሳጥን በበረዶ ሞልቶ ከኋላው ያስራል፤ እኔ መዝገቡን በቦርሳ እይዛለሁ። በጎቹ ለግጦሽ ሳይወጡ መድረስ ስላለብን ገና ጎህ ሲቀድ እንነሳለን። መኪና የማይደፍረውን መንገድ እሱ እየዘፈነ ይወጣዋል።

በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት ነበረው፤ ሁሉም የሚነሳው ከሳይክል ነው።

«ዳገት ስትወጣ አናቱን አትይ። ከጎማህ ሦስት ክንድ አልፈህ እይ። አናቱን ያየ ወርዶ ይገፋል» ይለኝ ነበር። ይህ ትክክል ነው፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። «ቁልቁለት ላይ ዓይንህ ያረፈበት ድንጋይ ላይ ነው የምትወጣው። ድንጋዩን ተወው፤ ማለፊያውን እይ።» ይህም ትክክል ነው። «ጉልበትህን አላላ። ፈረስ ላይ ቆመህ የምትጋልብ ይምሰልህ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጠርሙስ ያንተን ጉልበት ነው የሚያምነው።» ትክክል። «የሚነዳ ሰው ዝናብ አይበርደውም፤ አትጠለል፤ ንዳ።» ይህኛው ስህተት ነው። አምኜው አንድ ሳምንት ሙሉ በሳል ተኝቻለሁ። እሱም አጠገቤ ተቀምጦ በሶ እየበጠበጠ፣ «በደንብ ስላልነዳህ ነው» ብሎኛል።

ሚስት ስለ መምረጥም ይመክረኝ ነበር። «ዳገት ሥር ስትደርስ፣ 'እስቲ ሳይክሉን ግፊልኝ' በላት። ዝም ብላ የገፋች እንደሆነ ተዋት። 'አንተስ እጅህ የት ሄደ?' ያለችህ እንደሆነ በማግስቱ ሽማግሌ ላክ።» ይህን ማረጋገጥ አልቻልኩም። መካሪው ራሱ ላጤ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ምክሮች እንደ ተራ ነገር አልፈውኝ ነበር። አንደኛው፣ «ስትነዳ ጋቢህን አትታጠቅ፤ አጣጥፈህ ከኋላ እሰረው» የሚለው ነው። ጨርቁ የጎማው ሽቦ ውስጥ እንዳይገባ መስሎኛል። ሁለተኛው፣ «መንደር ዳር ስትደርስ ውረድ። እየገፋህ፣ ላገኘኸው ሁሉ እንዴት አደርክ እያልክ ግባ» የሚለው ነው። ለሕፃናትና ለዶሮ ሲል መስሎኛል። ምክንያቱን አልጠየቅኩም። ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ዘልዬ አላውቅም፤ ያኔ ግን ጋዜጠኛ አልነበርኩም።

ከምንከትብባቸው መንደሮች ባንዱ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። መንደሩን በስም አልጠራም። በጥቅምቱ ዙር በጎቻቸውን ከከተብን በኋላ ቤታቸው አስገብተው ትኩስ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡልን። የበግ ፀጉር ባና ደርበው፣ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ እኔን ብቻ ያዩኝ ነበር። ልጃቸው ጌታነህ ግንባር ነው። ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ አንድም ቃል አልደረሳቸውም።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ ራዲዮው ምን ይላል?» አሉኝ።

«ደህና ነው ይላል፣ እትዬ።»

«ራዲዮው ደህና መሆኑን አውቃለሁ። የጠየቅኩህ ስለ ልጆቹ ነው።»

 ስንወጣ እስከ አጥሩ ሸኙንና ክንዴን ያዙ። «ሞላሌ ፖስታ ቤት ደጃፍ ባለፍክ ቁጥር ጠይቅልኝ። አደራ። ወርቅነህ ይረሳል፤ እሱ የሚያስበው ስለ ጎማ ነው።»

ጋሽ ወርቅነህ ሳቀ። እኔ ግን አደራውን ይዤ ሄድኩ። በየሳምንቱ ጠየቅኩ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ፖስታ የሚያድለው ሰውዬ አፌን እንኳ ሳልከፍት፣ «መጣልህ» አለና ጥጉ የተጨማደደ ፖስታ ሰጠኝ። ላኪው ጌታነህ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ፖስታውን እያገላበጥኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የደስታ መልእክተኛ ልሆን ነው። ሃያ ዓመት ላልሞላው ሰው ይህ ትልቅ ሹመት ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተበትኗል። ከየቤቱ የጓሳ ሣር ክዳን ላይ የአስታ እንጨት ጭስ ይነሳል፤ ያ ሽታ ዛሬም ቢሆን ካለሁበት አንሥቶ ይወስደኛል። ብርዱ ጣቶቼን ከመሪው ጋር ሊያጣብቃቸው ደረሰ። ጋቢዬን ለበስኩ፣ እንዳይዘረጋም ወገቤ ላይ ጥብቅ አድርጌ ታጠቅኩት። ጋሽ ወርቅነህ ከፊት ስለነበር አላየኝም።

መንደሩ ማዶ በሚታይበት ጉብታ ላይ የእሱ ጎማ ተነፈሰ። ወረደና ሳይክሉን ገልብጦ ጎማውን መፍታት ጀመረ። ዞር ሳይል፣ «ጠብቀኝ፤ አብረን ቀስ ብለን እንገባለን» አለኝ።

ጥቂት ጠበቅኩት። የእትዬ አስካለ ቤት ከታች ይታያል። ከታች ያለው ደስታ ከላይ ቆሞ የሚጠበቅ አልመሰለኝም። «እኔ ደብዳቤውን ሰጥቼ ልቆይህ» አልኩና ምላሹን ሳልሰማ ቁልቁል ለቀቅኩት።

በሕይወቴ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። የመንደሩን ዳር፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የመጀመሪያዎቹን ቤቶች በአንድ ትንፋሽ አለፍኳቸው። ማንንም እንዴት አደርክ አላልኩም።

እትዬ አስካለ አውድማ ላይ ነበሩ። ለውቂያ አውድማውን በእበት እየለቀለቁ ጎንበስ ብለዋል። የሳይክሉን ድምፅ ሲሰሙ ቀና አሉ። አዩኝ። ፊቴን ሳይሆን ወገቤን እንዳዩ ትዝ ይለኛል። የማለከልክ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ የመጣሁ፣ ጋቢዬን ያደገደግኩ ሰው ነበርኩ። ቃል ከአፌ ሳይወጣ፣ «ጌታነህ!» ብለው ጮኹ፤ እበት በነካ እጃቸው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

«እትዬ፣ ደህና ነው! ደብዳቤ ነው!» አልኩ። የሰማኝ የለም። ጩኸት በዚያ አገር ከንፋስ ይፈጥናል። ሴቶች መቀነታቸውን እያጠበቁ ከየቤቱ ወጡ፤ አጫጆች ማጭዳቸውን ጥለው ሮጡ። እኔ ደብዳቤውን ከፍ አድርጌ መካከላቸው ቆሜያለሁ፤ እነሱ ደግሞ ለቅሶውን አጋግለውታል። አንዲት ሴት የጌታነህን ቁመት እያነሳች ሙሾ ጀመረች።

ጎረቤታቸው አያ ይልማ የሚባሉ ሽማግሌ በከዘራቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «አንተ ልጅ፣ መርዶ እንዲህ ይነገራል? ሽማግሌ ሳይጠራ፣ ጎረቤት ሳይከብ፣ በጎማ ተንደርድረህ?»

«አልሞተም፣ አባቴ! ይኸው በእጁ ጽፏል!»

አያ ይልማ በኀዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ደህና ነው ይባላል። ቀጥሎ ቆስሏል ይባላል። ቀጥሎ ታሟል ይባላል። የዚህን አካሄድ እኛም እናውቀዋለን።»

በዚህ ጊዜ ጋሽ ወርቅነህ ደረሰ። ሳይክሉን እየገፋ፣ ጋቢው ታጥፎ ከኋላ ታስሮ፣ እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ። «እንዴት አደራችሁ? አያ ይልማ፣ በጎቹን አገዳችሁልኝ ወይስ ለቀቃችኋቸው?» አለ። ይህን የሰሙት ጥቂቶቹ ዝም አሉ። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ስለ በግ አይጠይቅም። እትዬ አስካለ ግን መሬት ላይ ተቀምጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላሉ። «አትሸንግሉኝ» ይላሉ። «አትሸንግሉኝ፣ ወርቅነህ፤ ያንንም እንዲሁ ነው ያደረጋችሁኝ።»

ጋሽ ወርቅነህ ወደ እኔ ዞረ። «አንብብ» አለኝ። ፖስታውን ቀድጄ በዓይኔ ሮጥኩበት።

«ደህና ነኝ ይላል፤ ሰላምታ ያቀርባል፤ ከዚያ...»

«ይላል አትበል። እሱ እንዳለው አንብብ። አንድ ቃል እንዳትዘል።»

ከራሱ ጀምሬ አነበብኩ።  ሰላምታው ረጅም ነው፤ ዘመዶቹን በየስማቸው ይጠራል፤ ስለ ገብሱ ይጠይቃል። ለቅሶው አልቆመም። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ዳማን በሶ ማብላትሽን ተዪ ብዬሽ ነበር። ውሻ በሶ ከለመደ ቤት አይጠብቅም። አሁንም ተደብቀሽ እንደምታበያት አውቃለሁ።»

እትዬ አስካለ መወዛወዛቸውን አቆሙ። እንባቸው እየወረደ ቀና አሉ፤ ወደ እኔም ሳይሆን ወደ ወረቀቱ።

«ምን አገባህ!» አሉ። «ምን አገባህ አንተ! ሌሊቱን የምትጠብቀኝ እሷ ናት፤ አንተ መች አለህ!»

 ከዚያ አያ ይልማ ሳቁ፤ ሙሾ ያወረደችው ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «በሉ ደህና ነው» አለ አንዱ አጫጅ፤ «ለሞተ ሰው እንዲህ አይቆጡም።» እትዬ አስካለ ግን ከልጃቸው ጋር ገና አልጨረሱም። ስለ ውሻዋ የሚሉት ብዙ ነበር፤ ሁሉንም ለወረቀቱ ነገሩት።

ሲረጋጉ፣ «መቼ ነው የጻፈው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጋሽ ወርቅነህን አየሁት። እሱ የተጠገነውን ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል። መዋሸት እችል ነበር። «ሐምሌ አሥራ ሁለት» አልኩ።

በጣታቸው ቆጠሩ፤ ነሐሴን፣ ጳጉሜንን፣ መስከረምን፣ ጥቅምትን። ኅዳር ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አጥፈው ያዙት። «በሐምሌ እንዲህ ይቆጣኝ ነበር በለኛ» አሉ። ቀጥለውም፣ «የውሻዋን ደግመህ አንብብልኝ» አሉኝ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። ሦስቱንም ጊዜ ተቆጡት።

 ስንመለስ ጋሽ ወርቅነህ ጉብታው ላይ ነገረኝ። የበኩር ልጃቸው በፊተኛው ጦርነት ሞቷል፤ መርዶውን ያመጡት ሁለት ሰዎች ማለዳ፣ ጋቢያቸውን ታጥቀው፣ እየተጣደፉ ነው የመጡት።

«እኔ ስለ ሽቦው መስሎኝ ነበር» አልኩ።

«ስለ ሽቦውም ነው» አለኝና መንዳቱን ቀጠለ። ሌላ ወቀሳ አልሰማሁም።

ክትባቱ ታኅሣሥ ላይ አለቀ፤ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ጦርነቱም ከጊዜ በኋላ ቆመ። ከጋሽ ወርቅነህ ጋር ለጥቂት ዓመታት ተጻጽፈናል፤ እሱ ወደ መርሐቤቴ ተዛውሮ ስለዚያ አገር ቁልቁለትና ስለ ፍሬን ይጽፍልኝ ነበር። ስለ ጌታነህ አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አሁን ጋሽ ወርቅነህ የለም።

በሥራዬ ሰዎች ሞቱ ወይስ ዳኑ የሚለውን ለማጣራት ያልደወልኩበት ቦታ የለም። ሦስት ምንጭ ሳላገኝ ስም አልጽፍም። ወጣት ባልደረቦቼን የምቆጣቸውም በዚሁ ነው። የጌታነህን ነገር ግን ሳላጣራ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬያለሁ። መንገዱ ዛሬ የግማሽ ቀን ነው፤ ስልክም ቢሆን በቂ ነው። እትዬ አስካለ በሕይወት ካሉ ሰማንያን አልፈዋል፤ እሱም ከግንባር ተመልሶ ከሆነ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። እስካልጠየቅኩ ድረስ እዚያ አውድማ ላይ እሳቸው ይቆጣሉ፣ እሱም ይመልሳል። ይህ ለእኔ ዓይነት ሰው ነውር እንደሆነ አውቃለሁ።

ዘንድሮ ኅዳር ሲገባ ሄጄ እጠይቃለሁ ብያለሁ። አምናም እንዲሁ ብዬ ነበር።