በአባ ኅሩይ ዋንጫ የነበረው

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አንዲቷን ቁንጫ ጅብ አድርጌ የማወራው፣ ከጋሸና እስከ ብልባላ አህያው ሳይቀር የሚስቅልኝ የላሊበላ አስጎብኚ፣ ይህችን ግን ዋጥ አድርጌ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት የነፍስ አባቴን፣ አባ ኅሩይን ቀበርናቸው። ከእንግዲህ ለማን ልናዘዝ? ለእናንተ ነው እንጂ።

የፍልሰታ ጾም ነበር። ሚስቴ ሱፍ ጨምቃ፣ "ለአባ አድርስላቸው፤ ጨጓራቸው ሌላ አይቀበልም" አለችኝ። ቅዳሴ ሲወጣ በዋንጫ አደረስኩላቸው። እኔ ነኝ ያደረስኩት። ሱፍ መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

በሚካኤል ማኅበር ላይ አንዱ፣ "አባ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነጭ ነገር ሲጠጡ አየኋቸው፤ ምን ይሆን?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቀልድ የሚጠበቀው ከእኔ ነዋ!

"ወተት ነዋ!" አልኩ። "ላሚቱ ራሷ ደጃቸው ድረስ መጥታ 'አባ፣ ይለቡኝ' ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጢማቸው ላይ ቅቤ ወጥቷል!"

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እንደ እኔ የአባ የንስሐ ልጅ የነበሩት እማማ ጥሩዬ ብቻ አልሳቁም። "አንተ፣ እውነትህን ነው?" አሉኝ።

"ጊዮርጊስን!"

ማልኩ። ሳቁ እንዳይቀዘቅዝብኝ ብዬ በሰማዕቱ ማልኩ።

ቀልዴ እግር አወጣ። ብልባላ ገበያ ሲደርስ ወተቱ ላይ ሥጋ ተጨምሮበት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ስንቱ ቤት የነፍስ አባቱን ቀየረ! እማማ ጥሩዬም ቀየሩ። አባ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ሱፉን ብቻ ተዉት። ሚስቴ በላከች ቁጥር፣ "ይቅር ልጄ፤ ሰው ይሰናከላል" እያሉ ይመልሱኝ ነበር። በዚያ ጨጓራ፣ በውሃና በደረቅ ቂጣ ጾሙ።

እኔስ? በየዓመቱ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ስካሬን፣ ለእንግዳ የቀባጠርኩትን፣ በሚስቴ ላይ የጮህኩትን ስዘረዝር ኖርኩ። ስጨርስ፣ "ሌላስ?" ይሉኛል።

"ጨርሻለሁ፣ አባ።"

እንደገና፣ "ሌላስ፣ ልጄ?"

ያውቁ ነበር? ሌላውንም ሰው ሁለቴ ይጠይቁ ነበር? እንጃ። ይህንንም ለመጠየቅ ፈራሁ።

በቀብራቸው ቀን እማማ ጥሩዬ፣ "መስቀላቸውን ሳልሳለም አመለጡኝ!" እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ያኔ እንኳ አፌን አልከፈትኩም። ቢስቁብኝስ ብዬ? ውሸት! ይስቁብኛል ብዬ ሳይሆን ያምኑኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

ቀልድ ነበር አልልም፤ ቀልድ መሐላ የለውም። ይቅር በሉኝም አልልም፤ ይቅር የሚሉኝ አፈር ገብተዋል። ጊዮርጊስን እንዳልል ደግሞ መሐላዬን ያኔ በልቻታለሁ። ሳልምል ስሙኝ፤ እማማ ጥሩዬ፣ እርስዎም ይስሙኝ፦ ሱፍ ነበር። ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ።