ሲያርፍ የሚጠፋው ላፕቶፕ

ታላቅ እህቴ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ሰፈሩ «ጠብታ» ይላታል። ሻይዋ ላይ ስኳር ስትጨምር እንኳ ትንሽ ጨምራ፣ ቀምሳ፣ ደግሞ ትንሽ ጨምራ ነው። እኔ አጠገቧ ስቀመጥ ትዕግስቴ ያልቃል። ያን ቀን ግን ጠብታነቷን ወደድኩላት!

አባዬ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ለዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በድምፁ እያነበበ ይቀርጻል። በማግስቱ ጉሮሮው ላይ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ነበር፤ ሐኪሙም «ድምፅዎ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል» ብሎታል። የቀረው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። የሚቀርጽበት አሮጌ ላፕቶፕ ግን መቅረጽ ሲጀምር ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ጩኸቱም ከንባቡ ጋር ይቀረጻል። የመቅረጫው ፕሮግራም ደግሞ ያለው እሱ ላይ ብቻ።

እህቴ ከሥራ ቦታዋ በሩጫ መጣች። መጀመሪያ የላፕቶፑን አንጎል፣ የፕሮሰሰሩን፣ ፍጥነት ቀነሰችው። ማራገቢያው ዝም አለ፤ የተቀረጸው የአባዬ ድምፅ ግን ተቆራረጠ።

«በቃ፣ ፍጥነቱን አልነካውም» አለች። «ቮልቴጁን ብቻ ነው የምቀንሰው። ፋብሪካው ለጥንቃቄ ብሎ ከሚበቃው በላይ ይሰጠዋል። ትርፉ ሙቀት ነው የሚሆነው።»

«ብዙ ከቀነስሽስ?»

«ድርግም ይላል።»

አሥር ሚሊቮልት ቀነሰችና ከባድ ሥራ አሸከመችው፤ ቻለ። ደግሞ አሥር፤ ቻለ። ሙቀቱ ከዘጠና ዲግሪ ወደ ሰባ ወረደ። ሰማንያ ሚሊቮልት ላይ ስትደርስ ማራገቢያው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጸጥ! ብድግ ብዬ ግንባሯን ሳምኳት።

አባዬ ማንበብ ጀመረ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ኮሽ የሚል ነገር የለም። አንቀጽ ጨርሶ ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ሲል ስክሪኑ ድርግም አለ።

ክው አልኩ። እህቴ ራሷን ያዘች።

«እኔ ጅሏ! ሲሠራ ፈተንኩት እንጂ ሲያርፍ መች ፈተንኩት!»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አባዬ ሲያነብ ፕሮሰሰሩ ድምፁን ለማጥራት ይለፋል። ዝም ሲል ያርፋል፤ ሲያርፍ ደግሞ ቮልቴጁን ራሱ ዝቅ ያደርጋል። እህቴ ከዚያም ላይ ቀንሳበት ኖሯል።

ሁለቱም ገጾች ጠፉ። የአባዬ ድምፅ መሻከር ጀምሯል።

«የኔ ልጅ፣ ከእንግዲህ አንዴ ብቻ ነው የምችለው» አላት።

አሥር ሚሊቮልት መለሰችለትና ሥራ ፈቶ እንዲቀመጥ ተወችው። ጠፋ። አምስት ጨመረችለት። አፍጥጠን ጠበቅን። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ... አልጠፋም፤ ማራገቢያውም አልጮኸም።

አባዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። እሱ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር እኛ ትንፋሻችንን እንይዛለን። የመጨረሻውን ቃል ሲያነብ ድምፁ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ዝም አለ። ስክሪኑ ቦግ እንዳለ ነው።

«ጠብታዬ፣ ቻለልሽ!» ብዬ ጮህኩ። ለካ መቅረጫው ገና አልቆመም! እህቴ ጩኸቴን ቆርጣ ልትጥለው ስትል አባዬ እጇን ያዘ።

«ተይው። የሚሰሙትም ደስ ይበላቸው።»

ዛሬ አባዬ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። ቅጂውን ስንከፍተው ግን ያ ድምፁ ቤቱን ይሞላዋል፤ በየአንቀጹ መሃል ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። መጨረሻው ሲቃረብ አባዬ ወደ እህቴ ዞር ይልና፣ ጩኸቴን ቀድሞ፣ በዚያች በቀረችው ድምፁ «ቻለልሽ!» ይላታል።