መፈክሩ ያረፈበት ቤት

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ፎገራ በደረሰበት ዓመት። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ የማይጠፋው በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ጀግና የተባልኩበት ስለሆነ ነው። ጀግንነቴ ምላጭ ይዞ ወረቀት መፋቅ ነበር፤ ያውም ምን እየፋቅኩ እንደሆነ ሳላውቅ።

ያኔ ከአዲስ አበባ ወረታ የተመደብኩ ወጣት ድራፍትስማን ነበርኩ። ሥራዬ መሐንዲሶቹ በእርሳስ የሞነጫጨሩትን ፕላን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ በቀለም ማንሣትና ጽሑፉን በየቦታው መጻፍ ነበር። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ደጃችን አልደረሰም። አንድ ቃል ቦታው ካልተስማማው በምላጭ በስሱ ይፋቃል፣ የተፋቀው በጥፍር ይለሰልሳል፣ ከዚያ ቃሉ ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ይጻፋል። እጅ ትንሽ ከከበደ ወረቀቱ ይበሳል። ወረቀት ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

የተከራየሁት በእትዬ ዘነቡ ግቢ ነው። እትዬ ዘነቡ ወረታ ገበያ ላይ ቅቤ የሚሸጡ፣ ምላሳቸው የማያርፍ፣ ልባቸው ግን የዋህ ሴት ነበሩ። አባታቸው መሪጌታ ይኼይስ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር ይኖራሉ። አንድ እሑድ አብሬያቸው ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን ከቤታቸው ተነሥተው የድንጋይ ካቡን በመቋሚያቸው እየነኩ፣ ወርካው ጋ ሲደርሱ ወደ ቀኝ ታጥፈው፣ ማንም ሳይመራቸው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ። እኔ ዓይናማው በዚያው መንገድ ሁለቴ ተደናቅፌአለሁ።

ዘመቻው ሲታወጅ እትዬ ዘነቡ ክፍሌ ድረስ መጡ።

«አንተየ፣ ያንን ካርታ የምትሠራው አንተ ነህ አሉ?»

«እኔ የምጽፈው ፊደሉን ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«በል እንጅ፣ ያባቴን ቤት ተውልኝ። አዲሱ መንደር ከወንዙ ማዶ ነው። እዚያ ከወሰዷቸው መንገዱን በምን ያውቁታል? ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚሞቱት።»

ሥልጣን ከየት አምጥቼ? ዕድሜዬን በሙሉ ሌላው የወሰነውን አሳምሬ የምጽፍ ሰው እንደሆንኩ አስረዳኋቸው። እሳቸው ግን ፕላኑ በእኔ እጅ ካለ ሥልጣኑም በእኔ እጅ ነው ብለው ደመደሙ። እውነት ለመናገር አዘንኩላቸው። ከማዘን ያለፈ ምንም አላደረግኩም።

ፕላኑ እንዲህ ያለ ነበር። መሐል ላይ አዲሱ መንደር በቀጥታ መስመር ተደርድሯል። ዙሪያውን ተበታትነው ያሉት ነባር ቤቶች በትናንሽ አራት ማዕዘን ተሥለዋል፤ የሚፈርስ ቤት ሁሉ መስቀል ተደርጎበታል። የመንግሥት የሆነው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ጽሕፈት ቤቱ፣ በድርብ መስመር ታጥሯል። ይህ ሁሉ ትርጉሙ ከግርጌ ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ያለ ጽሑፍ በትንሽ ክብ ብቻ እንዲታይ ታዝዣለሁ። ርዕሱንና የዘመቻውን መፈክር በቀኝ በኩል ጥግ ላይ በሚያምር ደቃቅ ፊደል ጽፌ ጨረስኩና በሥራዬ ኮራሁ።

የዘመቻው ኃላፊ ጓድ ታከለ ግን አልኮሩም። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አሰቅለው በሩ ድረስ ወደ ኋላ ሄዱና ዓይናቸውን አጨንቁረው ተመለከቱ።

«ጓድ፣ መፈክሩ አይታይም።»

«ፕላን የሚነበበው ከቅርብ ነው፣ ጓድ።»

«አብዮቱ ከሩቅም መታየት አለበት። አተልቀው። ማንም እንዳይነካውም በወፍራም መስመር እጠርልኝ።»

አተለቅኩት። አልበቃም፤ ደግሜ አተለቅኩት። በመጨረሻ ጥጉ አልችል ሲለው ሌላ ቦታ ፍለጋ ገባሁ። ከታች ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ አሉ፣ በቀኝ የጎንደር መንገድ ያልፋል፣ መሐሉ መንደሩና ከበላዩ የሚፈሰው ወንዝ ነው። ከላይ በግራ በኩል ብቻ እርሻና ጥቂት መስቀል የተደረገባቸው ቤቶች የሰፈሩበት ገላጣ ቦታ ነበር። በሙያችን ጽሑፍ በመስመር ላይ አይደረብም፤ ከሥሩ ያለው ተፍቆ ይነሣል። እኔም ምላጬን አውጥቼ ቤቶቹን ከነመስቀላቸው ፋቅኳቸው። ወረቀት ላይ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የማን እንደሆኑ እንኳን አልጠየቅኩም። ከዚያ መፈክሩን በትልልቁ ጻፍኩና ጠንከር እንዲል በድርብ መስመር አጠርኩት። ጓድ ታከለ በሩ ጋ ቆመው አነበቡትና ፈረሙ። ፕላኑ ወደ ላይ ሄዶ ጸድቆ ተመለሰ።

ችካል መትከሉ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የአቶ ሙላት ሥራ ነበር። አቶ ሙላት ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ከፕላኑ አንዲት መስመር ብትጎድል የሚጠየቁት እሳቸው እንደሆኑ ስለሚያውቁ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ መሬት ላይ አወረዱት። ሁሉን ስል፣ የመፈክሩን አጥር ጭምር ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት ከላይ እንግዶች መጥተው ሥራው ሲጎበኝ ነው። ነባሮቹ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ሰዉ ሣሩንና ማገሩን ተሸክሞ ተሻግሯል። ወደ ላይኛው በኩል ስንደርስ ግን ሰፊ መሬት በሁለት ረድፍ ችካል ታጥሮ፣ በመካከሉ ጥቂት ጎጆዎች እንዳሉ ቆመው አገኘን። ከአንደኛው ደጃፍ መሪጌታ ይኼይስ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። የፋቅኩት ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«እነዚህ ለምን አልፈረሱም?» አሉ ጓድ ታከለ።

አቶ ሙላት የፕላኑን ቅጂ ዘርግተው በጣታቸው አሳዩ። «ይኸውልዎ ጓድ። ድርብ መስመር የመንግሥት ነው ይላል። ጽሑፉም አለበት። የሚፈርሰው ደግሞ መስቀል ያለበት ነው፤ እነዚህ መስቀል የለባቸውም። እንደ ታዘዝነው ነው ያረግነው።»

አንዱ እንግዳ ጎንበስ ብለው ፕላኑን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትክክል ነው። ይህን ያህል መሬት ለምን ተግባር ነው የያዛችሁት?»

ጓድ ታከለ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ይህ መሬት የመፈክር ቦታ ነው ቢሉ ራሳቸው የፈረሙበትን፣ በላይ አካል የጸደቀውን ፕላን ስሕተት ማለታቸው ነው። መፈክሩን ላንሣው ቢሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ወደ እንግዳው ተመለሱ።

«ለወደፊት ማስፋፊያ ነው። እስኪለማ ድረስ ነባር ነዋሪዎች ይጠብቁታል።»

እንግዳው አርቆ አሳቢነታቸውን አመሰገኑ። መሪጌታ ይኼይስ፣ ዓይነ ስውሩ፣ በዚህ ሁኔታ የመንግሥት ይዞታ ጠባቂ ሆነው ተሾሙ። ለእሳቸው የነገራቸው ሰው እንኳ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ታከለ ቢሮ አስጠሩኝ። ከርቸሌ እያሰብኩ ገባሁ። «በሚቀጥለው ጽሑፉን ትንሽ አሳንሰው» ብለው ሸኙኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ሁለታችንም አንሥተነው አናውቅም።

እትዬ ዘነቡ ግን የአባታቸውን ቤት ያተረፍኩት እኔ ነኝ ብለው አመኑ። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ጣሳ የፎገራ ላም ወተት በሬ ላይ ተቀመጠ፤ ወረታን እስክለቅ ድረስም አልተቋረጠም። እኔ እንዳላደረግኩት፣ በአጋጣሚ እንደሆነ ማልኩላቸው።

«እሱንማ አውቃለሁ፤» አሉ ወደ በሩ ገልመጥ ብለው። «ማንም ቢጠይቅህ እንዲሁ በል።»

በዚያ ዘመን እውነት መናገር ጥንቃቄ ይመስል ነበር። በካድኩ ቁጥር ክብሬ ጨመረ። ገበያ ስወጣ የማላውቃቸው ሴቶች ከመቀመጫቸው ይነሡልኝ ጀመር።

በመጨረሻ መሪጌታ ራሳቸው አስጠሩኝ። እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱና መረቁኝ። አላስችል ብሎኝ፣ «አባቴ፣ የእርስዎ ቤት መሆኑን አላውቅም ነበር» አልኳቸው።

«አላወቅህም» አሉ ተረጋግተው። «እኔም ለልጄ ይህንኑ ነግሬአታለሁ። አውቀህ ቢሆን ኖሮ ፈርተህ ትተወው ነበር።»

ክፋት አልነበረበትም፤ እየሣቁ ነው ያሉኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው ካቡን እየነኩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

አሁን አርጅቼ በኮምፒውተር ነው የምሠራው። ጽሑፍ ማተለቅም ሆነ ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ አንድ ጣት ይበቃዋል፤ ምላጭ የለ፣ የሚበሳ ወረቀት የለ። እኔ ግን አንዲት ቃል ከማንቀሳቀሴ በፊት የምታርፍበትን ቦታ አጉልቼ፣ ከሥሯ የማን ቤት እንዳለ አያለሁ። ቢሮ ያሉት ልጆች ጥንቃቄዬን ለሌላው ምሳሌ አድርገው ያነሡታል። ስሰማቸው አፍራለሁ። ያን ጊዜ እንዲህ ተጠንቅቄ አይቼ ቢሆን ኖሮ፣ ቤቱን ከነመስቀሉ ሳልነካ መፈክሩን ፈንጠር አድርጌ እጽፈው ነበር፤ መሪጌታም ወንዙን ተሻግረው ይቀሩ ነበር።