ትርንጎ ገብታለች

ሰኞ ጠዋት ሸሕዲ፣ የስልጠናው አዳራሽ በር ላይ ቆሜያለሁ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። ከቋራ ገለጉ በትራክተር ተሳቢ ተነሳን፣ ትራክተሩ ዋልካው ጭቃ ላይ ተቀረቀረ፣ የቀረውን በእግሬ ጨረስኩት። ለኛ ስልጠና የሚመጣው በክረምት ነው... በክረምት ደግሞ እኛ መንገድ የለንም።

ግን መምጣት ነበረብኝ። አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ልጆቼ ሀ ሁን እንደ መዝሙር ይወርዱታል፣ «ላም» ብዬ ስጽፍላቸው ግን ዝም ብለው ያዩኛል። ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ መላው ጠፍቶኝ ስጨነቅ ኖሬ፣ የዘንድሮው ስልጠና እሱው ላይ ነው ተባለ።

አስተባባሪው በር ላይ ቆሞ ይጠይቃል።

«ስም?»

«ትርንጎ። ከቋራ።»

«ትርንጎ ገብታለች።»

ሳቄ መጣ። «ወንድሜ፣ ትርንጎ እኔ ነኝ» አልኩት። ቦት ጫማዬን አየና ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«እህቴ፣ በዚህ ጭቃ የቋራ መምህር አይመጣም ብለን ነው። ከሻይ በኋላ እንግዶች ይመጣሉ፣ ወንበሩን ባዶ ቢያዩት ምን ይባላል? ሰርተፍኬቱ እንደሆነ በስምሽ ነው፣ አታስቢ።»

ወንበሩን በምን እንደሞሉት የገባኝ ውስጥ ስገባ ነው። በአረም ወቅት ሸሕዲን ያየ ያውቃል፣ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ፣ እኛ ሳሉግ የምንለው፣ ቀጣሪ እየጠበቀ አደባባዩን ሞልቶት ነው የሚያረፍደው። ከዚያ ለቅመው አምጥተው አስቀምጠዋቸዋል። ከኋላ አንድ ጢማም ጎልማሳ «መምህርት ትርንጎ» የሚል ባጅ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። መምህርት እኮ ነው የሚለው... ማንም አላፈረም።

ደሜ ፈላ። ሻይ እረፍት ላይ ቀጥ ብዬ ሄድኩበት።

«ያንጠለጠልከው ስም የኔ ነው።»

ብድግ አለ። «ይቅር በይኝ እህቴ። ሠራተኛ የሚሰበስበው ካቦ ግቡ አለን፣ ገባን።» ቅላጼው የጎጃም ነው። ባጁን ሊያወልቅ ጀመረና ቆም አለ። «ግን... የምታስተምረን ልጅ ጎበዝ ናት። ፊደል የለየ ልጅ ለምን ቃል ማንበብ እንደሚያቅተው አሁን ልትነግረን ነው። የኔዎቹም እንዲያ ናቸው።»

«የምን ያንተዎቹ?»

«ተማሪዎቼ። መምህር ነኝ፣ አንደኛ ክፍል። ክረምት ክረምት ለአረም እወርዳለሁ... ደመወዛችንን ታውቂው የለ።»

መዳፉን አየሁት፣ ውሃ ቋጥሯል።

«ስልጠና ወስደህ ታውቃለህ?»

«ዛሬ መጀመሪያዬ ነው» አለና ደረቱ ላይ ያለውን ስሜን አየት አደረገ።

«ተቀመጥ» አልኩት። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ልከታተል ቆምኩ። አሰልጣኟ ገና «ላም» ብላ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ አስተባባሪው ጆሮዬ ስር መጣ። «እንግዶቹ ደርሰዋል፣ ፎቶ ይነሳል። እንዲህ በጭቃሽ አይሆንም፣ ውጭ ጠብቂ።» አንድ ቃል ሳልመልስ ወጣሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አመሻሽ ላይ ካቦው ሳሉጎቹን ወደ ኮኪት ሰሊጥ እርሻ ሊወስድ አይሱዙ ላይ ሲጭን ሰውዬው ፈልጎ አገኘኝ። ባጄን መለሰልኝ። ከዚያ ቁጢጥ አለና ጭቃው ላይ በእንጨት ይጽፍልኝ ጀመር።

«የፊደሉን ተራ ተይውና መጀመሪያ ድምፁን ለየብቻ ታሰሚያቸዋለሽ። ላ... ም... ከዚያ ሁለቱን...»

ካቦው ጮኸበት። እንጨቱን ጥሎ ሮጠ፣ መኪናው ላይ ተንጠለጠለ።

«ከዚያስ?» አልኩ እየተከተልኩ። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሞተሩ ጩኸት ግን አላሰማኝም።

ሰርተፍኬቴን ሰጥተውኛል፣ «ስልጠናውን በብቃት አጠናቃለች» ይላል። እኔ የማውቀው ግን ካቦው እስኪጮህበት ድረስ ሰውዬው ያስተማረኝን ነው።