ለካሜራ የተሸከመው ድንጋይ

ታዋቂው ዘፋኝ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሳሊተ ምሕረት ካለው ቤቴ ሲመጣ፣ ማጅራቱ ላይ የሚሸከመውን ድንጋይ ያመጣው በመኪና ነው። የቤቴ በር ላይ ሾፌሩ አውርዶ ጫነለት። ከአዲሱ ቪላው አጥር የተረፈ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ታጥቧል መሰለኝ። ከፊቱ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከኋላው ካሜራ የያዘ ሰው ገቡ።

«ብርሃኑ አላማረም፣ ከበሩ እንደገና ግባ» አለው ባለካሜራው። ወጥቶ ገባ።

ለዓመታት መድረክ ላይ የዘፈኑ ተቀባይ ነበርኩ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በምንሠራበት ክለብ፣ ገና ማንም ሳያውቀው፣ «እትዬ፣ ከፍ ያለውን አንቺ ያዢልኝ» ይለኝ ነበር። ያዝኩለት። በአልበሙ ላይ አገር ያበደለት ያ ከፍ ያለ ድምፅ የእኔ ነው። ሽፋኑ ላይ ስሜ የለም፤ እሱንም ችዬው ነበር። ዝናው ሲመጣ መጠጡም መጣ። አንድ የበዓል ዋዜማ መድረክ ላይ ግጥሙ ጠፋበትና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይህችን አሮጊት ማን አመጣብኝ? እሷ ናት የምታሳስተኝ!» አለ። ሕዝቡ ሳቀ። በየስልኩ ተቀርጾ የወንድሜ ልጆች ሳይቀሩ አዩት። በማግስቱ ማናጀሩ እንዳልመለስ ደውሎ ነገረኝ።

አሁን መጠጥ ትቻለሁ ይላል። የመመለሻ ኮንሰርት ደግሷል፤ በየቃለ መጠይቁ ግን የሚጠየቀው ስለ አሮጊቷ ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ፣ እሺ እስክል አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አንዱ ያው ማናጀር ነው፤ ጋቢ ሲደርብ የሸመገለ መስሎታል። ሌላው የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ ዘፋኙ። ድምፁን አንቀጠቀጠው። ሲዘፍንም እንዲሁ ነው።

«ካሜራው ይውጣ። ድንጋዩን በገዛ እጄ አወርድልሃለሁ።» ከልቤ ነበር።

እንዳጎነበሰ ማናጀሩን አየ።

«ስድቡ በአደባባይ አልነበር እንዴ?» አለ ማናጀሩ። «ይቅርታውም በአደባባይ ይሁን።»

«ስድቡን ግን እንደገና ግባና በል ያለው ሰው አልነበረም» አልኩ።

«እትዬ፣ ካልታየ ምን ያደርግልኛል?» አለ ዘፋኙ።

መልሱን ሰጠኝ። እጄን ወደ ድንጋዩ አልዘረጋሁም። ጥቂት ጠብቆ ድንጋዩን ራሱ አወረደና አንገቱን እያሸ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሾፌሩ ተመልሶ ድንጋዩን ወሰደ።

የእድሩ ዳኛ አልተከተሏቸውም። እሺ ሳልል ሶፋዬ ላይ ተቀመጡና፣ «ውሃ ስጪኝ እስቲ፣ አቆሙኝ እኮ» አሉኝ።